ያረጀ ኤስዩቪ፦ መሪው ይዋልላል፣ ጉድጓድ ሲወርድ ይመታል፣ ሾክ ቢቀየርም ያው ነው

ቀጥ_ያለ_መሪ

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ባለ ሻንሲ ኤስዩቪ ነው። የፊት እግሩ ኢንዲፔንደንት (ግራና ቀኝ ለየብቻ የሚንቀሳቀስ) ሆኖ በቶርሽን ባር፣ ማለት በሞላ ፋንታ እየተጠማዘዘ ክብደቱን በሚሸከም የብረት ዘንግ ይሠራል፤ ኋላው በሞላ (ስፕሪንግ) ላይ ያረፈ ሙሉ አክስል ነው። መሪው የሳጥን ዓይነት ነው፤ ፒትማን አርም (ከሳጥኑ ወጥቶ የመሪውን ዘንጎች የሚገፋ ክንድ) እና አይድለር አርም (በሌላው ወገን ዘንጎቹን ደግፎ የሚይዝ ክንድ) አለው። 310,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል።

ከ80 በላይ ሲሄድ መሪው ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ ሳያቋርጡ ካላስተካከሉት መስመሩን አይዝም። የፍጥነት መቀነሻ ወይም ትንሽ ጉድጓድ ላይ ከፊት ብረት ከብረት የተጋጨ የሚመስል ድምፅ ይሰማል፤ ጎማው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። 90 አካባቢ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ 110 ላይ ይተወዋል። ባጠቃላይ እግሩ ደረቅ ነው፣ ኮረኮንች ላይ አያስቀምጥም። የግራ የፊት ጎማ ደግሞ በውስጥ በኩል ተበልቷል።

እስካሁን ሁለቱ የፊት ሾክ አብዞርበሮችና ሁለቱ የውጭ ቴስቲኒዎች (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያዎች) ተቀይረዋል፤ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) ሁለት ጊዜ ተሠርቷል። የጎማው ንፋስ 40 ፒኤስአይ ነው። አሁን ደግሞ የመሪ ሳጥኑ ይቀየር ተብሏል። ከዚያ በፊት በቤት ውስጥ ምን መመርመር ይቻላል? ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሣ መኪና የሚያርፍበት ማቆሚያ)፣ ረጅም የብረት ዘንግና አንድ ረዳት አለ።

እግር_መርማሪ

የመሪ ሳጥኑን ለጊዜው ተወው። የዘረዘርከው አንድ በሽታ አይደለም፤ መዋለሉ ከሚላወስ መገጣጠሚያ ይመጣል፣ ሲወርድ መምታቱ ከመኪናው ከፍታ ሊሆን ይችላል፣ 90 ላይ ብቻ መንቀጥቀጡ የጎማ ወይም የቸርኬ ነው። ለያይተህ ካልያዝካቸው አንዱ ሲድን ሌላው ይቀራል፣ አንተም ለውጥ የለም እያልክ ደህናውን ዕቃ ስትጥል ትኖራለህ።

መጀመሪያ ንፋሱን አስተካክል። በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ተመልከት፤ በዚህ ዘመን መኪኖች ላይ የፊቱ ብዙውን ጊዜ 29 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። 40 ላይ የተነፋ ጎማ ራሱ እንደ ድንጋይ ነው፤ ትንንሹን ጉብታ ሳይውጥ ለጎሚኒዎቹ (በመገጣጠሚያዎች ውስጥ ላሉት ላስቲኮች) እና ለሻንሲው ያስተላልፈዋል፣ አስፋልት ላይ ያለውን ቦይም ሁሉ ይከተላል። ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ ለካ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ሳትነካ አንድ ጊዜ ንዳው። ሌላው ምርመራ ሁሉ የሚመዘነው ከዚህ በኋላ ካለው አነዳድ ነው።

ቀጥሎ ከፍታውን ለካ። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ቀጥ አድርገህ ለካ፤ ግራና ቀኝ ለየብቻ። በግራና በቀኝ መካከል ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ጥሩ አይደለም። ከዚያ ከሥር ገብተህ የላይኛው አርም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ወደ ታች ሲወርድ የሚያርፍበትን የላስቲክ ማቆሚያ ፈልግና በመሃላቸው ስንት ሚሊ ሜትር እንዳለ ለካ። መልሱ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ቶርሽን ባር ያላቸው መኪኖች ሲያረጁ ፊታቸው ይወርዳል፤ ሰው ደግሞ የማስተካከያውን ብሎን ጠምዞ ያነሣቸዋል። ብሎኑ ባሩን አያጠነክረውም፣ የባሩ ጥንካሬ ያው ነው። የሚለወጠው እግሩ የሚቆምበት ቦታ ነው። ከመጠን በላይ ሲነሣ አርሞቹ ወደ ታች ተንጋደው ይቆማሉ፣ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ያልቃል። እንዲህ ያለ መኪና ጉድጓድ ሲገባ ጎማው መንገዱን ሊከተል ሲል አርሙ ማቆሚያውን ይመታል። ሲወጣ ዝም ብሎ ሲወርድ የሚመታው ለዚህ ነው። አዲስ ሾክ ይህን አያድነውም፤ እንዲያውም ሾኩ ራሱ ጫፉ ድረስ ተስቦ እየመታ ቶሎ ይሞታል። ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያለው ዝንባሌ) እና ካስተርም (ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ) ከመስመር ይወጣሉ፣ የሲቪ ጆይንቱ (የሞተሩን ኃይል ለጎማው የሚያስተላልፈው መገጣጠሚያ) አንግልም ይከፋል።

አሁን ወደ መገጣጠሚያዎቹ። በቦል ጆይንት (አርሙን ከጎማው ወገን ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ምርመራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክሪኩን የትም ስለሚያስገባ ነው። የመኪናውን ክብደት የተሸከመው ቦል ጆይንት ሞላው ወይም ባሩ በተያዘበት አርም ላይ ያለው ነው፤ ክብደቱ ካልተነሣለት ቢያልቅም ጥብቅ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ባርህ የትኛው አርም ላይ እንደታሠረ ከሥር አይተህ ለይ። የታችኛው ላይ ከሆነ ክሪኩን ከታችኛው አርም ሥር፣ በተቻለ መጠን ወደ ቦል ጆይንቱ አስጠግተህ አንሣ። የላይኛው ላይ ከሆነ ደግሞ በላይኛው አርምና በሻንሲው መካከል የእንጨት ቁራጭ አስገብተህ አርሙ እንዳይወርድ ካደረግህ በኋላ ክሪኩን ከሻንሲው ሥር አድርግ። ጎማው ከመሬት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይነሣ፤ ዘንጉን ከጎማው ሥር ከትተህ ወደ ላይ እያነሣህ ልቀቀው፣ ረዳትህ መገጣጠሚያውን ይመልከት። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን መጠን ከመኪናው ማኑዋል ገደብ ጋር አነጻጽር። ካቫሌቶ ሳታስገባ እጅህን ከሥር አታስገባ።

እዚያው ሳለህ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ አወዛውዘው። የሚላወስ ከሆነ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መላወሱ ከጠፋ የኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ የቦል ጆይንት ነው። በግራና በቀኝ ይዘህ ስትገፋው ብቻ የሚላወስ ከሆነ ወደ መሪው ዘንጎች ሂድ።

የመሪውን ዘንጎች ግን ጎማው ተንጠልጥሎ አትመርምር። መኪናው በአራቱም ጎማ መሬት ላይ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ረዳትህ መሪውን ከመሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቶሎ ቶሎ ያመላልሰው። አንተ ከመሪው ዘንግ ጀምረህ እየተከተልክ ተመልከት፤ የዘንጉ መስቀለኛ መገጣጠሚያ፣ ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር የያዙት ብሎኖች፣ ፒትማን አርም፣ የመሃሉ ዘንግ፣ አይድለር አርም፣ የውስጥ ቴስቲኒዎች፣ የውጭዎቹ። የመጀመሪያው ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ የዘገየበት ቦታ ላይ ልቅነት አለ። የውጭዎቹን ብቻ መቀየር የተለመደ ስህተት ነው፤ የውስጥዎቹም እኩል ይሠራሉ።

አይድለር አርሙን ለብቻው በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው፣ ይህን በደንብ አድርግ። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ከሆነ በየጉብታው የመሃሉ ዘንግ አንዱ ጫፍ ይነሣል ይወርዳል፤ በዚያ በኩል ያለው ጎማ ቶው (ከላይ ሲታይ ፊቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞረበት መጠን) በየሜትሩ ይለዋወጣል። አላይመንት ማሽኑ ላይ መኪናው ቆሞ ስለሚለካ ቁጥሩ ደህና ይወጣል፣ መንገድ ላይ ግን ይዋልላል። ሁለት ጊዜ አላይመንት ተሠርቶ አልያዝ ያለው በዚህ ሊሆን ይችላል።

ጎማና_ቸርኬ

ስለ መንቀጥቀጡ ልጨምር። በአንድ ፍጥነት ጀምሮ ከፍ ሲል የሚጠፋ መንቀጥቀጥ የባላንስ፣ የተጣመመ ቸርኬ ወይም ክብነቱን ያጣ ጎማ ምልክት ነው። በመሪው ከተሰማህ ከፊት ነው፣ በመቀመጫው ከተሰማህ ከኋላ ነው። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሆነ ጎማውን ተወውና ዲስኩን ተመልከት።

ባላንስ ከማሠራትህ በፊት ጎማውን አንሥተህ አሽከርክረው፤ አንድ ቁራጭ ሽቦ ወይም እርሳስ ከጎማው ፊት አስደግፈህ ክፍተቱ ሲሰፋና ሲጠብ ተመልከት። ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ የሚነሣና የሚወርድ ጎማ ባላንስ ቢሠራለትም መንቀጥቀጡ አይለቀውም። ቸርኬውን ስታወጣ ደግሞ ቸርኬው ሐቡ (ቸርኬው የሚታሠርበት ብረት) ላይ የሚያርፍበትን ገጽ በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፤ እዚያ የቀረ ትንሽ ዝገት ቸርኬውን ያጋድለዋል። ዳዶዎቹን በሰያፍ እያቀያየርክ፣ መጨረሻውን ጎማው መሬት ነክቶ በቶርክ ቁልፍ አጥብቅ።

ዕድሜውንም እይ። በጎማው ጎን ላይ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2317 ማለት በፈረንጆች 2017 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም ከ10 ዓመት ያለፈውን አውጣው። ላስቲኩ ደርቆ የመንገዱን ሻካራነት ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባል።

ውስጡ የተበላውን ጎማ በመዳፍህ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ዳብሰው። ወደ ውስጥ ስትዳብስ የሚቧጥጥህ ከሆነ ጎማዎቹ ፊታቸው ወደ ውጭ ከፍተው ነው የሚሄዱት፣ ማለት የቶው ችግር ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ካለቀ ካምበሩ ነው። ዙሪያውን እዚህ እዚያ የተቆፈረ ከሆነ ሾክ ወይም ልል መገጣጠሚያ።

መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚጎትት ከሆነም ከአላይመንት በፊት የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ቀያይርና ንዳ፤ አቅጣጫ ያለው ጎማ ካልሆነ። መጎተቱ ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ዳዶ_13

ይህ ሁሉ ሳያስፈልግ የመሪ ሳጥኑ ላይ ያለውን የማስተካከያ ብሎን ሩብ ዙር ብታጠብቀው መዋለሉ ይቀንሳል። ቀላል ነው።

እግር_መርማሪ

ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ በዚህ አልስማማም። ያ ብሎን የሴክተር ዘንጉን (ፒትማን አርሙን የሚያዞረውን) ከመሃል ጥርስ ጋር የሚያቀራርብ ነው። መሃሉ ላይ ከጠበበ መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ ሾፌሩ በእጁ መመለስ ይጀምራል፣ ያ ደግሞ በትክክል መዋለል ይመስላል። ጥርሱም እዚያው ይበላል። መጀመሪያ ከሳጥኑ በኋላ ያለው ሁሉ ጥብቅ መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያም ሞተሩ ተነሥቶ፣ ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ የመሪውን ዙሪያ በጣት እየገፋህ ጎማው መንቀሳቀስ እስኪጀምር ያለውን ርቀት ለካ። ማኑዋሎች ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ድረስ ይፈቅዳሉ። ከዚያ ካለፈና የመሪው ዘንግ ሲዞር ፒትማን አርሙ ከዘገየ ብቻ ነው ሳጥኑ የሚጠረጠረው።

ሳጥኑ የታሠረበትን የሻንሲ ብረትም በብርሃን ተመልከት። እዚያ ስንጥቅ ካለ አዲስ ሳጥንም ይወዛወዛል።

የኋላ_አክስል

ማንም ኋላውን አላነሣም። የኋላ አክስልን የያዙት ዘንጎች ጎሚኒያቸው ሲያልቅ አክስሉ ትንሽ ይዞራል፣ መኪናው ከኋላ ይመራል፣ ሾፌሩ ግን ፊቱ የለቀቀ ይመስለዋል። ልዩነቱ ጋዝ ሲሰጥና ሲለቀቅ መኪናው አቅጣጫውን መቀየሩ ነው። ረዳትህ ከጎን ቆሞ ሰውነቱን ግራና ቀኝ ይግፋ፤ አንተ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በጎን የያዘውን ዘንግ ሁለት ጫፎች ተመልከት። ብሎኑ ጎሚኒው ውስጥ ከተንቀሳቀሰ አልቋል።

የስታብላይዘር ሊንኮችን (መኪናው እንዳይጋደል የሚይዘውን ዘንግ ማያያዣዎች) ደግሞ ለድምፁ በቀላሉ ማጣራት ትችላለህ፤ ሁለቱንም ወገን ፈትተህ ዘንጉን በሽቦ እሠርና በዝግታ የፍጥነት መቀነሻ ላይ አሳልፈው። ድምፁ ከጠፋ ሊንኩ ወይም የዘንጉ ጎሚኒ ነው። መኪናው ስለሚጋደል በዚህ ሁኔታ በፍጥነት አይነዳም።

ቀጥ_ያለ_መሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተገኘው ይኸውና፦

ንፋሱ 29 ሲሆን ደረቅነቱ በግማሽ ያህል ቀንሷል፣ ድምፁና መዋለሉ ግን አሉ። ከፍታው ግራ 538፣ ቀኝ 555 ሚሊ ሜትር ነው። የላይኛው አርም ከማቆሚያው ያለው ክፍተት በግራ 9፣ በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ። ማኑዋሉ ለዚህ መኪና ከቸርኬ መሃል እስከ ፓራፋንጎ 510 ይላል። አይድለር አርሙ በእጅ ሲገፋ ጫፉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል። ቦል ጆይንቶቹ ገደቡ ውስጥ ናቸው። የላይኛው አርም ጎሚኒዎች ተሰንጥቀዋል። የፊት ጎማዎቹ ቁጥር 0914 ነው። መሪው 40 ሚሊ ሜትር ይላወሳል፣ ሳጥኑ ግን ፒትማኑን ወዲያው ያንቀሳቅሰዋል። ኋላው ጥብቅ ነው፤ ሊንኮቹ ሲፈቱም ድምፁ አልጠፋም።

እግር_መርማሪ

ግልጽ ሆነ። በቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ማንኛውም ጉድጓድ ላይ አርሙ ማቆሚያውን ይመታል ማለት ነው። የሥራው ቅደም ተከተል እዚህ ወሳኝ ነው፤ ከፍታ ሳይስተካከል ጎሚኒ ብታጠብቅ ወይም አላይመንት ብታሠራ ሁሉም እንደገና ይፈርሳል።

አይድለር አርሙን ቀይር። ሾጣጣው ጫፍ የሚገባበትን ቀዳዳ በደረቅ ጨርቅ አጽዳ፤ እዚያ ግራሶ አይቀባም፣ የሚይዘው በደረቅ ብረት ንክኪ ነውና። ዳዶውን በማኑዋሉ ቶርክ ካጠበቅህ በኋላ የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ሽቦ) ቀዳዳ ካልተገጣጠመ ወደፊት አጥብቀህ አገጣጥም እንጂ ወደኋላ አትፍታ።

ጎሚኒዎቹን ቀይር፣ ግን የአርሙን ብሎኖች ጎማው ተንጠልጥሎ አታጥብቅ። ጎሚኒው ከብረት ቱቦ ጋር ተጣብቆ የሚጠማዘዝ ላስቲክ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ ሁልጊዜ ተጠማዞ ይቆማል፤ እግሩ ይደርቃል፣ ጎሚኒውም በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ብሎኖቹን በእጅ አስገብተህ መኪናውን አውርድ፣ ከፍታውን ወደ 510 አምጣ፣ ጥቂት ሜትር ንዳው፣ ከዚያ ክብደቱ መሬት ላይ እንዳለ አጥብቅ። ሥራው በጋራዥ ጉድጓድ ወይም በሁለት የጎማ መወጣጫዎች ላይ ይመቻል።

አላይመንት የመጨረሻው ነው። ባለሙያው ከቶው በፊት ካስተሩን ያስተካክል፤ ካስተር ሲያንስ መሪው ቀጥታ መያዝን ይረሳል። በሁለቱ ወገን መካከል ከግማሽ ዲግሪ በላይ ልዩነት ካለ መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ወገን ይጎትታል። ቶው ሲስተካከል ሁለቱ ዘንጎች እኩል ይዙሩ፤ አንዱን ብቻ ማዞር መሪውን ከመሃል ያወጣዋል። ለዚህ ዓይነት መኪና ድምሩ ከዜሮ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ መሆን የተለመደ ነው፣ ትክክለኛውን ግን ከማኑዋሉ ውሰድ።

ጎማዎቹ አልቀዋል፣ በዕድሜ። አዲስ የተስተካከለ እግር ላይ አታስቀራቸው።

ቀጥ_ያለ_መሪ

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷል። የቶርሽን ባሩ ማስተካከያ ብሎኖች ዝገዋል፣ ቁልፍ ሲጫን አይነቃነቁም። በአየር ሽጉጥ ልሞክር?

እግር_መርማሪ

አትሞክር። ያ ብሎን የመኪናውን የፊት ክብደት ተሸክሟል፤ ደረቅ ሆኖ በሽጉጥ ቢመታ ጥርሱ ይላጫል፣ ቢበጠስም አርሙ በኃይል ይፈናጠራል። መጀመሪያ የሚታየውን የብሎኑን የጥርስ ርዝመት በግራም በቀኝም ለክተህ ጻፈው። ከዚያ መኪናውን ከሻንሲው ሥር አንሥተህ በሁለቱ ካቫሌቶ አስቀምጥ፣ ጎማዎቹ ይንጠልጠሉ፤ አብዛኛው ጭነት ከባሩ ላይ ይለቃል። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተህ ዝገት የሚያላላ ዘይት ርጭ፣ ሌሊቱን ይደር፣ ጠዋት ድገመው። ቀለበት ቁልፍ ተጠቀም፣ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ ከዚያ ወደ መፍታት እያመላለስክ። ፊትህን ከአርሙ አቅጣጫ አርቅ።

ሲፈታ ጥርሱን ግራሶ ቀባው። በአንድ ጊዜ ከሁለት ዙር በላይ አትቀንስ፤ አውርደህ፣ ጥቂት ሜትር ነድተህ፣ እንደገና ለካ። አንዱን ወገን ስትነካ ሌላው ትንሽ ስለሚለዋወጥ ሁለቱንም በየጊዜው ጻፍ። ጥርሱ የተጎዳ ብሎን ካገኘህ ከነዳዶው ቀይረው። ባሩን ራሱን ማውጣት ካስፈለገህ ግን የግራውንና የቀኙን ምልክት አድርግባቸው፤ ሲሠሩ በአንድ አቅጣጫ ተጠማዘው ስለተዘጋጁ አይቀያየሩም። ገጻቸውንም በቁልፍ ወይም በመዶሻ አትጫር፤ ባር የሚሰነጠቀው ከጭረት ጀምሮ ነው።